ባለቤት ያጣ ቁጥር

የሙያ ባልንጀሮቼ ሆይ፣ በተለይም ከእኔ ጋር በአንድ ዘመን ተምራችሁ በመድኃኒት ቤት ባንኮኒ ጀርባ ጠጉራችሁ የሸበተ፣ ዛሬ መምህር፣ የክፍል ኃላፊ ወይም አማካሪ ሆናችሁ ወጣቶቹን የምታሰማሩ፣ ይህን ቃል የምጽፈው ለእናንተ ነው። ወጣቱን መውቀስ ቀላል ነው፤ ወጣቱ ግን የሚቀመጠው ታላላቆቹ ባሰናዱለት ወንበር ላይ ስለሆነ፣ ወንበሩ ሲሰበር ተጠያቂው ማን እንደሚሆን እኛው በልባችን እናውቀዋለን። የምናገረው ነገር ገና ሙሉ በሙሉ አልደረሰም፤ ስለዚህም ነው ዝም ማለት ያልሆነልኝ።

ለብዙ ዘመን ስንለምነው የኖርነው ነገር እየተሰጠን ነው። ኪኒን ቆጥሮ ከማቀበል አልፈን ታካሚውን እንድንከታተል፣ ከሐኪሙ ጎን ተቀምጠን ስለ መድኃኒቱ የመጨረሻውን ቃል እንድንናገር ጠየቅን፤ የትምህርት ቤቶቻችንም ትምህርት ፊቱን ከመድኃኒቱ ወደ ታካሚው አዞረ፤ የክሊኒካል ፋርማሲ ልጆቻችንም በየሆስፒታሉ ዋርድ ገቡ። በ2013 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጠራለሁ) አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቤተሰብ ሕክምና ስፔሻሊቲ ማሠልጠን ሲጀምር ደግሞ፣ ሕመምተኛውን ከነቤተሰቡና ከነኑሮው የሚያውቅ ሐኪም የሚቀመጥበት ክሊኒክ ይመጣል ብለን ተስፋ አደረግን። እንዲህ ባለው ክሊኒክ ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ መድኃኒት ክትትል ለፋርማሲስት መስጠት በአሜሪካ፣ በካናዳና በብሪታንያ ለአሥርት ዓመታት ሲሠራበት የኖረ ልማድ ነው። ሐኪሙ ሕመሙን ለይቶ የሕክምናውን ግብ ይወስናል፤ ፋርማሲስቱ በተፈረመ የአሠራር ስምምነት መሠረት ደሙን ያስለካል፣ የዋርፋሪኑን መጠን ያስተካክላል፣ ቀጠሮ ይሰጣል፣ የቀረውንም ፈልጎ ይጠራል። በወጉ ሲሠራ ታካሚው ብዙውን ቀኑን በተፈለገው ልኬት ውስጥ እንደሚያሳልፍ በተደጋጋሚ ታይቷል። እኔን ያሰጋኝ ያለ ወጉ የሚሠራው ነው፤ ስሙንና ወንበሩን ተቀብሎ ሸክሙን በር ላይ ትቶ የሚገባው ነው።

ይህ መድኃኒት ከየት እንደ መጣ ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ብዙዎቻችን ለፈተና አጥንተነው ረስተነዋልና። በ1920ዎቹ በካናዳና በሰሜናዊ የአሜሪካ ሜዳዎች የተበላሸ ድርቆሽ የበሉ ከብቶች ከትንሽ ጭረት ደማቸው አልቆም እያለ አለቁ። በ1933 አንድ የዊስኮንሲን ገበሬ የሞተች ጊደሩንና አልረጋ ያለውን ደም በወተት ዕቃ ይዞ፣ በበረዶ ውሽንፍር ተጉዞ፣ የባዮኬሚስቱን የካርል ፖል ሊንክን ቤተ ሙከራ በር አንኳኳ። ከዚያ በኋላ በዓመታት ልፋት ከብቶቹን የገደለው ንጥረ ነገር ተለየ፤ የእርሱ ዘመድ የሆነው ዋርፋሪንም በ1948 በአይጥ መርዝነት ገበያ ወጣ፣ በ1954 ለሰው ሕክምና ተፈቀደ። መርዙና መድኃኒቱ ያው አንዱ ነው። የለያያቸው መጠኑና መጠኑን የሚጠብቀው ሰው ነው፤ የሚጠብቀው ሰው ከቦታው ሲጠፋ መድኃኒቱ ወደ ቀድሞ ስሙ ለመመለስ ብዙ ቀን አይፈጅበትም።

እናንተ የዕድሜ እኩዮቼ፣ አይ ኤን አር የሚባለው ልኬት ያልነበረበትን ዘመን ታስታውሳላችሁ። ላቦራቶሪው ደሙ የረጋበትን ጊዜ በሰከንድ ወይም በፐርሰንት ይጽፍ ነበር፤ የመመርመሪያው ኬሚካል ሲለወጥ ያው ደም ሌላ ቁጥር ይሰጣል፤ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው የተዛወረ ታካሚ ወረቀቱ ከእርሱ ጋር አይዛወርለትም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የዓለም ጤና ድርጅት አንድ የጋራ ሚዛን ሲያጸድቅ ትልቅ ሸክም ከትከሻችን ወረደ። ግቡ ለአብዛኛው ታካሚ ከ2 እስከ 3፣ በማይትራል የልብ በር ላይ ሰው ሠራሽ ቫልቭ ለገባለት ከ2.5 እስከ 3.5 ነው፤ ከዚህ ሲወርድ ደም ይረጋል፣ ከዚህ ሲያልፍ ደም ይፈሳል። ቁጥሩ ግልጽ ሆነ፤ ግልጽ በመሆኑም ማንም ሊጽፈው የሚችል ሆነ። ዛሬ የምፈራው ሁሉ ከዚህ ይጀምራል፤ ማንም ሊጽፈው የሚችለውን ቁጥር ማንም የእኔ ነው ሳይለው ይቀራልና።

አንዲት ሴት አስታውሳለሁ። ዕድሜዋ ከሠላሳ ያልዘለለ፣ በልጅነቷ የያዛት የጉሮሮ ሕመም በዋዛ ታልፎ ውሎ አድሮ ልቧን ያበላሸባት፣ ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ሰው ሠራሽ ቫልቭ የገባላት ነበረች። የክትትል ካርዷን በፕላስቲክ ጠቅልላ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ትይዘው ነበር። አንድ ጊዜ ሽንቷ አቃጥሏት በአቅራቢያዋ ወዳለ የጤና ተቋም ሄደች፣ ኮትሪሞክሳዞል ታዘዘላት፣ ወሰደች። በዚያው ሳምንት የልኬት ቀኗ ነበርና ተለካች፤ ቁጥሩ ከወትሮው በጣም ከፍ ብሏል። የላቦራቶሪው ባለሙያ በትክክል ለክቶ በትክክል ጻፈ። ነርሷ ቁጥሩን ከወረቀቱ ወደ መዝገብ ሳታዛባ ገለበጠች። መድኃኒት ያደለው ባልደረባችን የወሩን ኪኒን ሳያጎድል ቆጥሮ፣ በከረጢቱ ላይ እንደ ቀድሞው በቀን አንድ ብሎ ጽፎ፣ በትሕትና አሰናበታት። ሐኪሙ በዚያ ቀን አልነበረም፤ ሲመጣ ያየዋል ተባለ። ከጥቂት ቀን በኋላ ራሷን አመማት፣ ወደ ማታ ንግግሯ ተያዘ፣ ሳይነጋም አረፈች። በኋላ ወረቀቱ ሁሉ ወጥቶ ሲገላበጥ ሥራውን ያልሠራ ሰው አልተገኘም፤ ሁሉም የድርሻውን ፈጽሟል። ሞት የገባው በድርሻና በድርሻ መካከል በቀረው ክፍተት ነበር።

እንዲህ ያለውን ነገር ያየ ሰው አዲስ ወንበር ሲዘረጋ ደስታው ሙሉ አይሆንለትም። ፋርማሲስቱ በቤተሰብ ሐኪም ክሊኒክ እንዲቀመጥ የተፈለገው ያንን ክፍተት እንዲደፍን ነበር። ነገር ግን መጠን የመለወጥ ሥልጣን በጽሑፍ ሳይሰጠው፣ የቀሩትን የሚጠራበት ስልክና ሰዓት ሳይመደብለት፣ ምርመራው ለሳምንታት ሲቋረጥ ምን እንደሚያደርግ ሳይነገረው ቢቀመጥ፣ ወረቀቷን የሚነካ አራተኛ ሰው ጨመርን እንጂ ክፍተቱን አልደፈንንም። ክፍተቱ እንዲያውም ይሰፋል፤ ሐኪሙ ፋርማሲስቱ ያየዋል ብሎ ዓይኑን ያነሳል፣ ፋርማሲስቱ ሐኪሙ ይወስናል ብሎ እጁን ይሰበስባል፣ ታካሚዋም ሁለት አዋቂ አለኝ ብላ ተማምና ትተኛለች። ቀድሞ አንድ ሐኪም ብቻ በነበረበት ጊዜ ቢያንስ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይታወቅ ነበር።

ወጣቶቹ ቁጥሩን ሲያሳድዱት አይቻለሁ፤ ይህንንም ያስተማርናቸው እኛ ነን፤ የመድኃኒቱን ስም እንጂ የመድኃኒቱን ትዕግሥት አላስተማርናቸውምና። ዋርፋሪን ዛሬ ተውጦ ዛሬ አይሠራም፤ ቀድሞ የተሠሩት የደም ማርጊያ ፕሮቲኖች ተራ በተራ እስኪያልቁ ይጠብቃል፤ የመጠን ለውጥ ሙሉ ውጤቱን ለማሳየት ሳምንት ያህል ይፈልጋል። ከምጣዱ ሥር እሳት የቀነሰ ሰው ምጣዱ ወዲያው እንደማይበርድለት ሁሉ፣ መጠን የቀነሰም ሰው በማግሥቱ ለክቶ አልወረደም ብሎ ዳግመኛ ቢቀንስ በሳምንቱ ደሙን ለመርጋት አሳልፎ ይሰጠዋል። ከዚያ ደንግጦ ይጨምራል፤ ከዚያ መድማት ይመጣል። የሳምንቱን ድምር ከመቶ አምስት ወይም አሥር እጅ፣ ቢበዛ ሃያ እጅ ነክቶ መጠበቅ ነው ወጉ፤ ቁጥሩ በጥቂቱ ከክልሉ ቢወጣና ሌላው ሁሉ የተረጋጋ ቢሆን ምንም ሳይነኩ ደግሞ መለካትም አንድ ውሳኔ ነው። ከጣት በሚወሰድ ጠብታ የሚለካው ትንሽ መሣሪያም በረከት ነው፤ ነገር ግን ቁጥሩ በጣም ከፍ ሲል ስለሚስት፣ ከደም ሥር ተቀድቶ በላቦራቶሪ ይረጋገጥ ማለትን የዘነጋ ክሊኒክ መሣሪያውን ባይገዛው ይሻለው ነበር።

ከቁጥሩ ይልቅ ግን ከቁጥሩ ጀርባ ያለውን ሰው አለመጠየቃችን ያሳዝነኛል። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ ጎመን ከማዕድ በማይለይበት ቤት፣ በጎመኑ ያለው ቫይታሚን ኬ ዋርፋሪኑን ይታገለዋልና ቁጥሩ ሊወርድ ይችላል፤ ይህን ያላወቀ ባለሙያ መጠኑን ይጨምራል፤ ፋሲካ ሲደርስ ጎመኑ ይቀራል፣ ሥጋውና ጠጁ ይመጣል፣ የተጨመረው መጠን ግን እዚያው ይቀመጣል። ከዚያ ደግሞ ጎመን አትብላ የሚል ምክር እንሰጣለን፤ የድሃውን ሰው አንድ ማዕድ ነጥቀን ከመሄድ፣ የምትበላውን ያህል ሁልጊዜ ተመሳሳይ አድርግ፣ ጾም ሲገባና ሲወጣ ለልኬት ና ብንለው ይበቃው ነበር። ጠበል ገብታ መድኃኒቷን ያቆመች እናት አለች፤ ብትቆጧት ሁለተኛ አትነግራችሁም፤ በአክብሮት ብትጠይቋት ግን ስንት ቀን እንዳቆመች ትነግራችኋለች፣ ቁጥሩ ለምን 1.2 እንደሆነም ያን ጊዜ ይገባችኋል። ለአሜባ ተብሎ ያለ ማዘዣ የተገዛው ሜትሮኒዳዞል ቁጥሩን ይሰቅለዋል። ለወገብ ሕመም የተዋጠው ዳይክሎፌናክ ደግሞ ቁጥሩን ብዙም ሳያንቀሳቅስ ጨጓራን ሊያደማ ይችላልና ቁጥር ብቻ የሚያይ ሰው የታካሚዋ ሰገራ መጥቆሩን አይጠይቅም። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ከጀመረ ታካሚ ጋር ያለው ጣጣ ከሁሉ ይከፋል፤ ሪፋምፒሲን ዋርፋሪኑን እያፈራረሰ ቁጥሩን ያወርደዋል፣ መጠኑም በእጥፍና ከዚያ በላይ ሊጨመር ይችላል፤ ስድስቱ ወር አልቆ ተመረቅህ ተብሎ በደስታ ሲሰናበት፣ ያ የተጨመረው ዋርፋሪን በቀጣዮቹ ሳምንታት በዝምታ እየከበደ ይመጣል። የነቀርሳው ክፍል ሥራውን ጨርሷል። የልቡ ክፍል አልሰማም። ይህን ቀን በመዝገቡ ላይ ቀድሞ ምልክት አድርጎ ሊጠብቀው የሚገባው እንግዲህ ማን ነው?

አንድ ነገር ጨምሬ ልናገር፤ ከመንገዴ ትንሽ ቢያወጣኝም ታገሱኝ። መድኃኒቱ ከገበያ ሲጠፋ ባሕር ማዶ ያሉ ልጆቻችንና ወንድሞቻችን በሻንጣ ይልካሉ፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ታካሚው ግን ብዙ ጊዜ ኪኒኑን የሚያውቀው በቀለሙ ነው፤ የዋርፋሪን ቀለም ደግሞ በየአገሩ ይለያያል። ከአሜሪካ የመጣው ሮዝ ፍሬ 1 ሚሊግራም ነው፤ ከብሪታንያ የመጣው ሮዝ 5 ሚሊግራም ነው። ከአሜሪካ የመጣው ነጭ 10 ሚሊግራም ሲሆን የብሪታንያው ነጭ ግማሽ ሚሊግራም ነው፤ በመካከላቸው ሃያ እጥፍ አለ። ነጯን ነው የምወስደው ያለን አረጋዊ ጠርሙሱን ይዘው ይምጡ አባቴ ሳይሉ መሸኘት እንዴት ያለ ድፍረት እንደሆነ ይህን ያወቀ ሁሉ ይፍረድ።

አሁን ደግሞ ከወጣቶቹም ከአንዳንድ እኩዮቼም የምሰማው አዲስ ቃል አለ፤ የዋርፋሪን ዘመን አልፏል፣ ልኬት የማይፈልጉ አዳዲስ መድኃኒቶች መጥተዋል፣ ለሚሞት ሥራ ክሊኒክ ማቋቋም ለምን ይላሉ። ከሀብታሙ ዓለም ታካሚዎች ለብዙዎቹ እውነት ነው፤ ሪቫሮክሳባንና አፒክሳባን ለብዙ ሰው ሕይወትን አቅልለዋል። በእኛ አገር ግን ዋርፋሪን የሚውጠው ሰው ማን ነው? ብዙ ጊዜ በሩማቲክ ሕመም ልቡ የተጎዳ ወጣት ነው። በሰው ሠራሽ ቫልቭ ላይ ከአዲሶቹ አንዱ የሆነው ዳቢጋትራን ሲሞከር ደም መርጋቱም መድማቱም ከዋርፋሪን ስለበዛ ጥናቱ ከጊዜው በፊት ተቋረጠ፣ ውጤቱም በ2013 ታተመ። በሩማቲክ የልብ ሕመም የተነሳ የልብ ምታቸው ለተዛባባቸው ሰዎች ሪቫሮክሳባን ከዋርፋሪን መሰል መድኃኒቶች ጋር ተነጻጽሮ በ2022 ሲገለጽ፣ በአሮጌው መድኃኒት ላይ ከነበሩት ይልቅ በአዲሱ ላይ የነበሩት በብዛት ሞቱ። ስለዚህ ሌላው ዓለም የዋርፋሪን ክሊኒኩን በሩን ቢያጠብ ለታካሚዎቹ አስቦ ይሆናል፤ እኛ ገና ሳንሠራው ብናፈርሰው ግን የምንተዋቸው ሌላ መሄጃ የሌላቸውን ነው። አዲሶቹን የሚወስዱትም ቢሆኑ ልኬት አያስፈልጋቸውም ማለት ክትትል አያስፈልጋቸውም ማለት አይደለም፤ ኩላሊታቸው ይታያል፣ ኪኒኑ ካለቀባቸውም መከላከያው በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ይጠፋል።

ስለ ወጣት ሴቶቻችንም ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ቫልቭ የገባላት ልጅ ታገባለች፣ ልትወልድ ትመኛለች፤ ዋርፋሪን በተለይ ከስድስተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው የእርግዝና ሳምንት ፅንሱን ይጎዳል፤ መድኃኒቱን በድንገት ማቆም ደግሞ ቫልቩን በረጋ ደም ይዘጋና እናትየዋን ይወስዳል። ይህ ውሳኔ ከማርገዟ በፊት ከልብ ሐኪምና ከማኅፀን ሐኪም ጋር ተቀምጦ የሚመከርበት ነው። በየወሩ ፊት ለፊቷ የሚቀመጠው ግን ፋርማሲስቱ ነው፤ የወር አበባሽ መጥቷል ወይ፣ ለመውለድ አስባችኋል ወይ ብሎ በአክብሮት ለመጠየቅ ከእርሱ የቀረበ ሰው የላትም። አፍሮ ሳይጠይቃት የቀረ ባለሙያ ነውርን ሸሽቶ ከነውር የሚበልጥ ነገር ላይ ይወድቃል።

ይህ ሁሉ እንዲህ ሆኖ ቢቀጥል ወዴት እንደሚያደርስ ላሳያችሁ። መጀመሪያ የሚመጣው ሞት አይደለም፤ መጀመሪያ የሚመጣው ልማድ ነው። ከክልሉ የወጣ ቁጥር ለዓይን ይለመዳል፤ ከቀጠሮ የቀረ ሰው ጠፋ ተብሎ ይጻፍና መዝገቡ ይዘጋል፤ የት እንደጠፋ የሚጠይቅ የለም። ቀጥሎ አንድ ሁለት ቤተሰብ ያዝናል፤ አንዷ በግማሽ ጎኗ ሽባ ሆና ትቀራለች፣ አንዱ በጥርስ ነቀላ ደሙ አልቆም ብሎ ያልፋል፤ የእግዜር ቁጣ ነው ተብሎ ይቀበራል። ከዚያ አንድ ቀን አንዱ ሞት ጩኸት ያስነሣል፤ ሐኪሞቹ ድሮም ይህ ሥራ ለፋርማሲስት መሰጠት አልነበረበትም ይላሉ፣ እኛም የምንመልሰው አይኖረንም። ለሠላሳና ለአርባ ዓመት የለመንነው ወንበር በአንድ ደብዳቤ ይነሳል፤ ታካሚውም ባለቤት ወደሌለው ወረፋ ይመለሳል፤ ከእኛ በኋላ የሚመጣው ትውልድም ያን በር ዳግመኛ ለማንኳኳት ፊት አያገኝም።

ጊዜው ግን አላለፈም፤ ብዙው ክሊኒክ ገና ጅምር ላይ ነው፣ ወጣቶቹም ልባቸው ቅን ነው፣ የቤተሰብ ሐኪሞቹም ሸክሙን የሚካፈላቸው ሰው ቢያገኙ በደስታ ይቀበላሉ። እናንተ ፊርማችሁ የሚከበርላችሁ ሰዎች፣ የአሠራር ስምምነቱ ሳይጻፍና ሐኪሙ ሳይፈርምበት ልጃችሁን ወደ ወንበሩ አትላኩ። በስምምነቱ ውስጥ መጠን የሚለውጠው ማን እንደሆነ፣ በስንት ቁጥር ሐኪሙ እንደሚጠራ፣ ቁጥሩ ከ10 ቢያልፍ ቫይታሚን ኬ ከየት እንደሚመጣ፣ ፋርማሲስቱ ሲታመም ወይም ዕረፍት ሲወጣ ማን እንደሚተካው በስም ይጻፍ። ምርመራ ሲቋረጥ ታካሚዎቹ ወዴት እንደሚላኩ ከመቋረጡ በፊት ተነጋገሩ። እነዚህ ካልተሟሉ እምቢ በሉ፤ እምቢታችሁ ለጊዜው ያስቀይማል፣ ሰው ግን አይገድልም።

እስከዚያው በእጃችሁ ያለውን አድርጉ። ይህ ሳምንት ሳያልቅ በክሊኒካችሁ ያለውን የዋርፋሪን መዝገብ አስወጡ፤ ቀጠሮዋ አልፎ ያልመጣችውን፣ የመጨረሻ ቁጥሯ ከክልሉ ወጥቶ ምንም ያልተጻፈባትን ፈልጉ። ስልክ ካላት ደውሉላት፤ ስልክ ከሌላት በቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በኩል ላኩባት። ስትመጣም መዝገቧን ለሌላ ሰው አታሳልፉ፤ እናንተ ራሳችሁ ተቀበሏት።